ከግንድ ጎጆ የተነሣ ትምህርት ቤት



ስለ ንግሥት ዕሌኒ ቁፋሮ፣ ስለ ደመራው ጢስ፣ ግማደ መስቀሉም ስላረፈባት ስለ ግሸን ደብረ ከርቤ ሊቃውንቱ በየዓመቱ ይጽፋሉ፤ ዘንድሮም ሳይጽፉ አይቀሩም። እኛ ግን በዚህ ወራት ከበዓሉ ጋር ሁልጊዜ ትዝ የሚለን ሌላ ነገር አለ። ክረምቱ አልፎ ወንዞች ሲጎድሉ፣ ጭቃው ደርቆ መንገዱ ሲከፈት፣ የአብነት ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ መምህር ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር የሚነሣበት ወቅት ይህ ነው። ስለዚህ በበዓሉ ስለ ትምህርት ቤት ብንጽፍ ከበዓሉ የወጣን አይመስለንም። የምንጽፈው ግን ስለ ራሳችን ትምህርት ቤት ሳይሆን ስለ ሌሎች፣ ይኸውም ስለ ሉተራውያን የካህናት ማሠልጠኛ ነውና አንባብያን በትዕግሥት እንዲከተሉን አስቀድመን እንለምናለን።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ባለፈው ዓመት በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ የሰማነው ንግግር ነው። ጠበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ አንድ የተከበሩ የቤተሰብ አባት እንዲህ አሉን፦ «ልጄ ድቁና ከተቀበለ ሦስት ዓመት ሆነው። ወደ አብነት ትምህርት ልላከው ብል እናቱ ‹ልጄ በሰው ደጃፍ ቆሞ ሲለምን ማየት አልችልም› ትላለች። ኮሌጅ ይግባ ብል ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው። እነዚያኛዎቹ እኮ ፈረንጅ ስላላቸው ነው ትምህርት ቤት የሚሠሩት።» የተቀመጠው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኛም በዚያች ሰዓት የምንመልሰው አጥተን ዝም አልን። ነገር ግን «ፈረንጅ ስላላቸው ነው» የሚለው አነጋገር ብዙዎቻችን ተንተርሰን የምንተኛበት ምክንያት ሆኖ ስለታየን፣ ነገሩ እውነት ይሁን አይሁን እንመርምር ብለን ተነሣን።

በከፊል እውነት ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1959 በአገር አቀፍ ደረጃ ስትቋቋም፣ በማግሥቱ ዓመት በ1960 በአዲስ አበባ ሴሚናሪዋን ከፍታለች፤ ለዚህም የስካንዲናቪያና የጀርመን ሚሲዮኖች እጅ እንደ ረዳት አይካድም። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሆኖም እነዚያ ፈረንጆች ራሳቸው ትምህርት ቤታቸውን የሠሩት በማን ገንዘብ ነው? እነርሱስ ሌላ ፈረንጅ ነበራቸውን? ይህን ስንጠይቅ ነው በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ወደሚገኘው ወደ ኮንኮርዲያ ሴሚናሪ ታሪክ የደረስነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ነገር እናስታውስ። እኛና ሉተራውያን የተዋወቅነው ሚሲዮን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ዊተንበርግ ሄዶ ከማርቲን ሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል፤ ሉተርም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ ዲያቆኑ በመልካም እንዲታይ የሚጠይቅ የምስክርነት ደብዳቤ ጽፎለታል። ጳጳስ ወይም መልእክተኛ ሳይሆን ዲያቆን መሆኑ፣ እኛን ለመሰለ በዚያው መዓርግ ለሚገኝ ሰው ትንሽ ኩራት ቢሰጠው አይፈረድበትም። ከ100 ዓመት በኋላም፣ በ1652፣ አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ በሉተራዊው መስፍን በኤርንስት ግብዣ ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ሄደው ሂዮብ ሉዶልፍን ስለ ግዕዝ፣ ስለ አማርኛና ስለ አገራችን ታሪክ አስተምረውታል። ሉዶልፍ በኋላ ያሳተማቸው መዝገበ ቃላት፣ ሰዋስውና የኢትዮጵያ ታሪክ ሁሉ ከእኒህ መነኩሴ አፍ የተቀዳ እውቀት ያለባቸው ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ውስጥ አረፉ። እንግዲህ በሳክሶን መሳፍንት አገር መምህሩ ኢትዮጵያዊ፣ ተማሪው ሉተራዊ የነበረበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

የምንተርክላችሁ ሰዎችም የተነሡት ከዚያው ከሳክሶኒና ከአካባቢው ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ተአምራትን የሚያስተባብል፣ ሁሉን በሰው አእምሮ ብቻ የሚመዝን ትምህርት ሠልጥኖ ነበር። ይህን ያልወደዱ ምእመናን በድሬስደን ያገለግል በነበረው በማርቲን ስቴፋን ዙሪያ ተሰበሰቡና፣ የአባቶቻችንን ሃይማኖት በነፃነት ወደምንይዝበት አገር እንሰደድ ብለው ተማከሩ። በኅዳር 1838 ከ600 የሚበልጡ ሰዎች በአምስት መርከቦች ተሳፍረው ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ከአምስቱ አንዷ፣ አማልያ የተባለችው፣ ከ50 የሚበልጡ ተሳፋሪዎችን እንደያዘች በባሕር ላይ ጠፋች፤ ወሬዋም አልተገኘም።

የቀሩት በጥር 1839 ኒው ኦርሊንስ ደረሱ፤ ከዚያም በሚሲሲፒ ወንዝ ወጥተው ሴንት ሉዊስ ገቡ። ገና በመርከብ ላይ ሳሉ ስቴፋንን ኤጲስ ቆጶስ ይሁንልን ብለው ፈርመውለት ነበር። ኤጲስ ቆጶስነት በባሕር ላይ በፊርማ የሚገኝ ሹመት አይደለም ብለን ብናልፈው ይሻላል፤ መዘዙ ግን ወዲያው መጣ። በጸደይ ወራት ከሴንት ሉዊስ በስተ ደቡብ በፔሪ አውራጃ ከ4 ሺህ ኤከር በላይ ጫካ ገዝተው ምንጣሮ እንደ ጀመሩ፣ ስቴፋን በሥነ ምግባር ብልሹነትና የጋራውን ገንዘብ በማባከን ተከሰሰ። በግንቦት 1839 ከሹመቱ ሽረው፣ በጀልባ አሻግረው ከወንዙ ማዶ አወረዱት።

አንባቢ የእነዚህን ሰዎች ሁኔታ ልብ ይበል። አገራቸውን ትተዋል። ወገኖቻቸው በባሕር ሰጥመዋል። አባታችን ብለው የተከተሉት ሰው አሳፍሯቸዋል። ገንዘባቸው አልቋል፤ በዚያ በጋ ወባና ሌላም ትኩሳት ብዙዎችን ገድሏል። መጠለያቸው ድንኳንና ዳስ ነው። በዚህ ላይ «መሪያችን ሐሰተኛ ከሆነ እኛ ራሳችን ቤተ ክርስቲያን ነን ወይስ አይደለንም? ቀሳውስቶቻችንስ ቀሳውስት ናቸውን?» የሚል ጥያቄ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣቸው ነበር።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሳሉ፣ በነሐሴ ወር በሴንት ሉዊስ በሚታተም የጀርመንኛ ጋዜጣ ላይ ትምህርት ቤት ልንከፍት ነው የሚል ማስታወቂያ አወጡ። የሚሰጠውም ትምህርት ሃይማኖት፣ ላቲን፣ ግሪክ፣ ዕብራይስጥ፣ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ታሪክ፣ መልክዐ ምድር፣ ሒሳብ፣ ፍልስፍና፣ ሙዚቃና ሌላም ነበር። ማስታወቂያውን ያነበበ የከተማ ሰው ታላቅ ሕንፃ ሳይታየው አልቀረም። ሕንፃው ግን አልተንበርግ በተባለች መንደራቸው በመጥረቢያ ከተጠረበ ግንድ የተሠራ ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ነው። ጎጆዋን ለመሥራት የደከሙት ራሳቸው ሊያስተምሩ የተነሡት ወጣቶች፣ ብሮም፣ ፊውርብሪንገርና ቡንገር ነበሩ፤ ከጀርመን ዩኒቨርሲቲ የወጡ፣ እጃቸው ከብዕር በቀር መሣሪያ የማያውቅ። ከእነርሱ ጋር የ28 ዓመቱ ቄስ ካርል ፈርዲናንድ ዊልሄልም ቫልተር አለ። ትምህርት ቤቷ ታኅሣሥ 9 ቀን 1839 ተከፈተች። ስቴፋንን በጀልባ ካሻገሩት ገና ሰባት ወር አልሞላም። ያቺ የግንድ ጎጆ ዛሬም በአልተንበርግ ቆማ ትታያለች።

እኛን ያስደነቀን ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ቤታቸውን ሠርተው፣ እህላቸውን አምርተው፣ ጠባቸውን ጨርሰው ትምህርት ቤት ቢከፍቱ ማንም አያማቸውም ነበር። እነርሱ ግን ቄሶቻችን ሲያልቁ ማን ይተካቸዋል የሚለውን አስቀደሙ። ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ በሴንት ሉዊስ ያገለግል የነበረው የቫልተር ታላቅ ወንድም ኦቶ ሄርማን በጥር 1841 በወጣትነቱ ሞተ፤ ታናሽዬውም በእግሩ ተተካ።

ያን የሚያስጨንቃቸውን የቤተ ክርስቲያን ጥያቄ በሚያዝያ 1841 በአልተንበርግ በአደባባይ ክርክር ፈቱት። አንድ የሕግ ሰው «ቤተ ክርስቲያን አይደለንም» ብሎ ተከራከረ፤ ቫልተር ደግሞ መሪ ቢወድቅም ቃሉና ምሥጢራቱ ካሉ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ጉባኤውም ካህኑን የመጥራት ሥልጣን አለው ብሎ ረታ። በዚህ ላይ ከቫልተር ጋር አንስማማም። ክህነት ከሐዋርያት ሲወርድ ሲዋረድ በአንብሮተ እድ የመጣ እንጂ ከጉባኤ ድምፅ የሚመነጭ አይደለም ብለን እናምናለንና። ነገር ግን ተስፋ የቆረጠ ሕዝብ ጥያቄውን በጎጆው ደብቆ ከማጉረምረም ይልቅ በአደባባይ አውጥቶ በመጽሐፍ መመርመሩን ማክበር ይገባል።

ከዚያ በኋላ ያለው እድገት ቶሎ የሚነገር ነው። ቫልተር በ1844 «ዴር ሉተራነር» የተባለ ጋዜጣ ጀመረ፤ በጋዜጣውም አማካይነት በየጫካው ተበትነው የነበሩ ጀርመኖች ተፈላለጉና በ1847 በቺካጎ ተሰብስበው፣ ዛሬ የሚዙሪ ሲኖዶስ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። ሴሚናሪውም በ1849 መጨረሻ ወደ ሴንት ሉዊስ ተዛወረ። የፔሪ ገበሬዎች በገዛ እጃቸው ያሳደጉትን ልጅ ለከተማ አሳልፈው መስጠት ከብዷቸው ነበር ይባላል፤ አይፈረድባቸውም። ቫልተር የከተማውን ምእመናን በቄስነት መምራቱን ሳይተው በመምህርነትና በአለቅነት እስከ ሞቱ፣ እስከ 1887 ድረስ አገለገለ። በመሐሉ ሌላ እኅት ትምህርት ቤት ነበረች፤ በ1846 በፎርት ዌይን የተከፈተች፣ ረጅሙን የቋንቋ ትምህርት ሳይጠብቁ በቶሎ ወደ አገልግሎት የሚሰማሩ ቄሶችን የምታወጣ። እርሷም ወደ ሴንት ሉዊስ፣ ከዚያ ወደ ስፕሪንግፊልድ፣ በመጨረሻም በ1976 ተመልሳ ወደ ፎርት ዌይን ሄደች። ኮንኮርዲያ በ1926 በሴንት ሉዊስ ዳርቻ በክሌይተን ዛሬ ወደሚገኝበት ሰፊ ግቢ ገባ፤ ቀስ በቀስም ከዓለም ታላላቅ የሉተራን ሴሚናሪዎች አንዱ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን ያቆየን የማስተማሪያ ቋንቋቸው ነገር ነው። ቫልተር ነገረ መለኮትን የሚያስተምረው የቆየ የላቲን መጽሐፍ ይዞ ነበር። በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ እንግሊዝኛ ሲናገር እነርሱ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ በጀርመንኛና በላቲን አስተማሩ። ተተኪው ፍራንስ ፒፐር ከ1917 እስከ 1924 ባሉት ዓመታት ያሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ የነገረ መለኮት መጽሐፍ እንኳ በጀርመንኛ ነው። ግዕዙን ለምን አትተዉትም እየተባለ በየጊዜው የሚጠየቅ ሰው ይህን ሲሰማ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል። እነርሱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በመጨረሻ ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ጀርመንኛ በአሜሪካ እንደ ጠላት ቋንቋ መታየቱና የልጅ ልጆቻቸው መርሳታቸው አስገደዳቸው። ይህ ለእኛ ምን ይለናል? መልሱ ብዙ ስለሆነ ሌላ ጊዜ እንመለስበት።

ሌላው ነገር ይህ ነው። ቫልተር በ1884ና በ1885 በየዓርብ ማታ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ሕግና ወንጌል እንዴት እንደሚለዩ ያስተምር ነበር። ትምህርቱን እርሱ አልጻፈውም። ከተማሪዎቹ አንዱ ቃሉን ከአፉ እየቀለበ በአጭር እጅ ጽሕፈት አስቀረውና ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ዛሬ ከቫልተር ሥራዎች ሁሉ በብዛት የሚነበበው ያ ነው። ይህን ስናነብ ልባችን ወዴት እንደ ሄደ በመጨረሻ እንናገራለን።

ታሪካቸው ግን ሁሉ ለስላሳ አይደለም። በ1960ዎቹ በሴሚናሪው ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ማንኛውም ጥንታዊ ጽሑፍ በታሪካዊ ሂስ ይመርመር የሚሉ መምህራን በረከቱ። የሲኖዶሱ ፕሬዚዳንት ፕሮይስ ይህን ተቃወሙ፤ መርማሪ ተሾመ፤ በ1973 በኒው ኦርሊንስ የተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ የአብዛኛውን መምህራን ትምህርት አወገዘ። በጥር 1974 የሴሚናሪው አለቃ ጆን ቲትየን ታገዱ። መምህራኑ ማስተማር አቆሙ፤ የካቲት 19 ቀን አብዛኛው ተማሪ በግቢው ሣር ላይ ስማቸው የተጻፈባቸው ነጫጭ መስቀሎች ተክሎ፣ ከመምህራኑ ጋር በሰልፍ ወጥቶ ሄደ። ከ50ው መምህራን 45ቱ ሄዱ፤ አምስት ቀሩ። የወጡት «በስደት ያለ ሴሚናሪ» የሚል ስም ይዘው ማስተማር ቀጠሉ፤ ከአስጠጓቸው አንዱ የሴንት ሉዊስ የኢየሱሳውያን ዩኒቨርሲቲ ነበር። የአፄ ሱስንዮስን ዘመን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ያ ትምህርት ቤት እስከ 1983 ቆይቶ መምህራኑ ወደሌሎች ሴሚናሪዎች ተበተኑ።

ይህን ነገር አንዳንዱ የሃይማኖት ድል፣ ሌላው የነፃነት ሞት ያደርገዋል። እኛም ከነገረ መለኮት ኮሌጅ የወጣን ነንና ሁለቱንም ወገን ለመረዳት ሞክረናል። የካህናት መምህር አደራ ተቀባይ ነው፤ ያልተሰጠውን ቢያስተምር አደራውን በልቷል። በዚህ ከጉባኤው ጋር ነን። ነገር ግን 45 መምህራንን በአንድ ቀን ማጣት የሚያስጨበጭብ ነገር አይደለም፤ ነገሩ ሳይገፋ በምክር ሊታረም የሚችልበት 10 ዓመት ሙሉ አልፏል። የእኛም ሊቃውንት ስለ ቅብዓትና ስለ ጸጋ ጎንደርና ጎጃም ተከፍለው ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ተወዛግበው፣ በመጨረሻ በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ፊት በቦሩ ሜዳ ነው የተቆረጠው። ብዙ ደም ሳይፈስ ቢቆረጥ ይሻል ነበር።

ስለ ነገራችን ግን ከክርክሩ ይልቅ ማግሥቱ ይጠቅመናል። አምስት መምህራን ብቻ የቀሩት ያ ትምህርት ቤት አልተዘጋም፤ በሩን ከፍቶ ቀጠለ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወንበሮቹ ሞሉ። እንዴት? ከአይዋ እስከ ቴክሳስ ያሉ አጥቢያዎች ልጆቻቸውንና መባቸውን መላክ ስላላቆሙ ነው። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ከመጀመሪያው ምእመኑ ነበረ፤ ግንዱን የጠረበው፣ በሴንት ሉዊስም መሬቱን የሰጠው እርሱ ነው። ፈረንጅ አልነበራቸውም ማለት አይቻልም፣ ራሳቸው ፈረንጅ ናቸውና፤ ለጋስ የውጭ እጅ ግን የጎጆዋን ግንድ አላቆመላቸውም።

አሁን ወደዚያ የማኅበር አባት ጥያቄ እንመለስ። እኛ ትምህርት ቤት የለንምን? ዋሸራ ለቅኔ፣ ዙር አምባ ለዝማሬ መዋሥዕት፣ ቤተልሔም ለድጓ የታወቁት ሚዙሪ ገና ስሟ ሳይሰማ ነው። እነዚህን ትምህርት ቤቶች ለዘመናት ያቆማቸው ማን ነው? ነገሥታቱ ጉልት ሰጥተዋል፤ ጉልቱ ከተወረሰ ግን ግማሽ መቶ ዓመት አለፈው። ከዚያ ወዲህ ያቆማቸው በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል ቁራሽ የሚዘረጋ የገበሬ ሚስት እጅ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት በዓለም ላይ በምእመናን ቤት ብቻ ከሚቆሙት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ፍጹሙ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሳክሶኖቹ የምንለየው በመስጠት አይደለም፤ እነርሱ ተሰብስበው ተማክረው ሲሰጡ እኛ የምንሰጠው ልጁ ውሻ እያሯሯጠው በራችን ላይ ሲደርስ ብቻ መሆኑ ነው።

ልመናው ትሕትናን ያስተምራል የሚሉ አባቶች አሉ። እኛም በዚያ መንገድ አልፈናልና አንክድም፤ ከሰው ደጃፍ ቆሞ ያደረ ሰው በኋላ በሰው ላይ አይታበይም። ይሁን እንጂ ከእኛ ጋር ድጓ ጀምረው ከነበሩት ልጆች አቋርጠው የሄዱት ድጓው ከብዷቸው እንዳልሆነ ዓይናችን አይቷል። በሐምሌ ጭለማ የኮቸሮ ፍርፋሪ ሲያልቅ፣ እከኩና ትኩሳቱ ሲበረታ ነው የሄዱት። ከመካከላቸው አንዱ ድምፁ ከሁላችንም የበለጠ ነበር፤ በአንድ ክረምት ታሞ ወላጆቹ መጥተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ልጁን የገፋው ረኃብ እንጂ ትሕትና አልነበረም። በኮሌጅ የተማርንበትም ትምህርት ቤት ቢሆን፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ቆይቶ በ1994 ዳግም ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ገቢዎች ከእነዚያው ከአብነት ጎጆዎች የመጡ ነበሩ። ጎጆው ከደረቀ ኮሌጁ ከየት ይቀዳል?

ለማኅበሩ አባትና ለባለቤታቸው ይህን ሁሉ ነገርናቸው። ወይዘሮዋ ለረጅም ጊዜ አዳምጠው ሲያበቁ «ታዲያ ልጄ የሚበላው ነገር ከቤቴ ቢሄድለት ምን ነውር አለው?» አሉን። ምንም ነውር የለውም አልናቸው። የማኅበሩ አባላት በየወሩ ለዝክር ከሚያወጡት ላይ እየቀነሱ ጤፍና ሽሮ በአንድነት ለአንድ ጉባኤ ቤት ለመላክ ተስማሙ፤ ላለፉት ሰባት ወራት አላቋረጡም። ልጃቸውም ከሌሎች 12 ተማሪዎች ጋር እዚያው ነው። መምህሩ ግን አንድ ነገር ጠይቀዋል፤ እህሉ ለልጃቸው ብቻ ተለይቶ እንዳይላክ።

ቃል የገባነውን እንጨርስ። ስለ ቫልተር የዓርብ ማታ ትምህርት ስናነብ ልባችን የሄደው ወደ ቅኔ መምህራችን ነው። እርሳቸው መጻፍን አይወዱም ነበር፤ «በቃልህ ያዝ፤ ወረቀት እሳት ይበላዋል» ይሉን ነበር። እኛም ተደብቀን፣ በኩራዝ ብርሃን፣ ቅኔ ሲፈቱ የሚናገሩትን ምሥጢር በሁለት ደብተር ጽፈን አስቀርተናል። ባለፈው ግንቦት ደብተሮቹን ይዘን ሄድን። ዓይናቸው ፈዟል፤ ድምፃችንን ግን ለዩት። በድፍረት ማንበብ ጀመርን፤ ይቆጡናል ብለን ነበር። በሁለተኛው ገጽ ላይ እጃቸውን አንሥተው «እንደሱ አላልኩም፤ አስተካክል» አሉን። እስኪመሽ ድረስ 11 ገጽ አረሙ። ከሁለቱ ደብተሮች የቀረው 90 ገጽ ይሆናል። ዝናቡ ስለ መጣ ተሰናብተናቸው ወጣን፤ መንገዱ ደረቅ ይላል ስለተባለ ከመስቀል በኋላ በሳምንቱ እንሄዳለን።